አቤት ያላሉት

ይህን ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በሥራዬ ሰው አስቀይሜ አላውቅም አልልም። እንቅልፍ የነሳኝ ጥፋት ግን አንድ ነው። ሰው ተሳድቤ፣ መድኃኒት አሳስቼ ወይም ከሥራ ገበታዬ ጠፍቼ የሠራሁት አይደለም። ለሰው አስቤ፣ በለሰለሰ አንደበት፣ ከልቤ የሠራሁት ነው። የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ሥራ ላይ ነበርኩ። ታማሚው ከቡርኪናፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ፍርድ ቤቶች ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር ሥራቸውን አቆሙ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ፣ መጨባበጥም ተከለከለ። ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገና ታሪፉ እጥፍ ሆነ። በየታክሲ ተራው ጀሪካንና ሳሙና ተደረደረ። እኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ተጋደመ፤ ባለጉዳይ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሞ ይሰጣል፣ “ሌላ ጊዜ ተመለስ” ተብሎ ይሄዳል።

ፍርሃታችንን ዛሬ ላይ ሆኖ ማስረዳት ይከብዳል። ማስክ ተቆጥሮ ይሰጠን ነበር። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ደጅ አውልቄ በረኪና ውስጥ እነክር ነበር። አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጄ እንደ ልማዱ ሮጦ ሊያቅፈኝ ሲል “እንዳትነካኝ!” ብዬ ጮህኩበት። ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከሥራ ስገባ በሩ ሥር ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ “ታጥበሻል?” ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

እማማ የምላቸውን አንዲት ታካሚያችንን የመለስኳቸው በዚያ ሰሞን ነው። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ምእመናን ጸሎቱን እቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን የተከታተሉበት ነው። እማማ በመጡበት ቀን እኔ በር ላይ ሙቀት እንድለካ ተመድቤ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ በፌስታል የቀጠሮ ካርዳቸውንና ባዶ የመድኃኒት ልጣጭ ይዘው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የደም ግፊት ክትትል ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አንድም ቀጠሮ አሳልፈው አያውቁም።

“እማማ፣ ለምን ወጡ? ይህ በሽታ የሚበረታው ዕድሜው በገፋና ግፊት ባለበት ሰው ላይ ነው እኮ።”

“መድኃኒቴ አልቆብኝ ነው፣ ልጄ።”

አላስገባኋቸውም። ግፊታቸውንም አልለካሁም። እዚያው በር ላይ አቁሜ ከመድኃኒት ክፍል የአንድ ወር መድኃኒት አምጥቼ በፌስታላቸው ከተትኩላቸው። “በሉ ይህን ይዘው ቤትዎ ይቀመጡ። በሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንዳይመጡ” አልኳቸው።

“እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኔው አስበሽ ነው።” ጎንበስ ብለው ሳይጨብጡኝ መርቀውኝ ሄዱ።

ደስ አለኝ። የዚያን ቀን ብዙ አረጋውያንን በዚሁ ቃል መለስኩ። የአንድን ሰው ነፍስ ያተረፍኩ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። “እስኪጠፋ ድረስ” ያልኩትን ግን ልብ አላልኩትም። የሰጠኋቸው ፍሬ 30 ነው፤ በሽታው የሚጠፋበትን ቀን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከኔ ክፍል ጋር ግድግዳ በሚጋራው የኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል፣ ሕመማቸው ለተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ መስጠት ከወረርሽኙ በፊት የተለመደ አሠራር ነበር። በየቀኑ አየው ነበር። “ለኔዎቹስ ለምን አይደረግም?” ብዬ አልጠየቅኩም።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ክፍላችን ጸጥ አለ። ድሮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ደረጃው ላይ የሚቀመጠው ሕዝብ አልነበረም። ባልደረቦቼና እኔ “ዛሬ ሰላም ነው” እንባባል ነበር። ሰው የቀረው ግን ስለተሻለው አልነበረም። ጤና ጣቢያ የሄደ ሁሉ ወደ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል የሚል ወሬ በየሰፈሩ ይናፈስ ነበር። ነፍሰ ጡሮች ክትትላቸውን አቋረጡ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ማምጣት ፈሩ። ማታ ማታ በቴሌቪዥን መግለጫው ይነበባል፤ ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል አገገመ፣ ይህን ያህል ሕይወቱ አለፈ። ትንፋሼን ውጬ እሰማ ነበር። ኮሮናን ፈርቶ፣ ወይም በኔ ምክር፣ ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ግን ያ መግለጫ አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርኩትም።

የቀረን ሰው መቁጠር የተማርኩት ከታናሽ እህቴ ነው፤ እሷ መምህርት ናት። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ትምህርት ሲዘጋ በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መሰራጨት ጀመረ፤ መምህራን ደግሞ መልመጃ በቴሌግራም እንዲልኩ ተባለ። እህቴ ማታ ማታ መልመጃ በእጇ ጽፋ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ከ54 ተማሪዎቿ ወላጆች መካከል ቴሌግራም የነበራቸው 17 ብቻ ነበሩ። ከ17ቱም አብዛኞቹ ስልኩን ይዘው ሥራ ስለሚውሉ ልጁ መልመጃውን የሚያየው ማታ ነው፤ ያውም ካርድ ካለ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ያቺም ቀጭን ክር ተበጠሰች።

እህቴን ከመልመጃው ይልቅ የሚያሳስባት ምገባው ነበር። በዚያው ዓመት በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መስጠት ተጀምሮ ነበር። “እኔ ጋ የሚበሉ ልጆች አሁን የት ይበላሉ?” እያለች ትብሰከሰካለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቆመው ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አልነበረም። ልጁ ከሚበላበት፣ ከሚታይበት፣ “ምን ሆንክ? ፊትህ ለምን አበጠ?” ከሚባልበት ቦታ ነው የተለየው።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ገጠሩ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተደርጎ ስለነበር እህቴም ከልጆቿ ጋር ሰባተኛ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ቡድን ዛሬ፣ ሌላው ነገ ይገባ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ስም ጠራች። ከ54ቱ 43ቱ “አቤት!” አሉ። 11ዱ አላሉም።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ እቤቴ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከክፍል ስትወጣ የ11ዱን ስም በወረቀት ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ነበር። አንዱ ልጅ ከአያቱ ጋር ገጠር ሄዷል፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዷ፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ ታዝላለች። እናቷ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር፤ ሰው ኮሮና ታመጣብናለች ብሎ በሩን ሲዘጋባት ገቢዋ ተቋረጠ። ቤት ኪራይ ግን አልቆመም። ልጅቷ በወር የምታገኘው ገንዘብ ቤቱን ይዞታል።

“ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?” አልኳት።

“ነገ አሠሪዋን አናግራለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ሁለት ወር ካለፈ አትመለስም።” ከዚያ ሻይዋን አስቀምጣ እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቀችኝ፤ “አንቺስ ስንት ቀሩብሽ?”

መልስ አልነበረኝም። በቀን ስንት ሰው እንዳየሁ አውቃለሁ። የወሩን ሪፖርት በጊዜው አስገብቻለሁ። ስንት እንደቀሩብኝ ግን አላውቅም፤ እንዳውቅም የጠየቀኝ አልነበረም። የአስተማሪ ደብተር የተሠራው የቀረውን ለማሳየት ነው፤ ስም ይጠራል፣ “አቤት” ያላለ ምልክት ይደረግበታል። የኛ መዝገብ ግን የመጣውን ነው የሚጽፈው። ያልመጣ ሰው ባዶ ቦታ ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አቤቱታ አያቀርብም።

ሰኞ ጠዋት ያንን ትልቅ መዝገብ አወጣሁ። ጠርዙ የተበላ፣ በፕላስተር የተጣበቀ መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ ስም ፊት ለየወሩ አንድ አንድ ትንሽ ሣጥን አለች። እስከ መጋቢት ድረስ ሣጥኖቹ በግፊት ቁጥር ተሞልተዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ ወረቀቱ ነጭ እየሆነ ይሄዳል። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የእማማ ስም ጋ ስደርስ የመጨረሻው ጽሑፍ በኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ “መድኃኒት ተሰጥቷል።” የግፊቱ ቁጥር የለም፤ አልለካሁማ። ከዚያ በኋላ ሰባት ባዶ ሣጥን።

ስልካቸው አይሠራም። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዤ ቤታቸው የሄድኩት ቅዳሜ ነበር፤ ህዳር 12፣ የህዳር ሚካኤል ዕለት። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ሰፈሩ በጢስ ታፍኗል። እማማ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። አፋቸው በአንድ በኩል ተንጋዷል። ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ሌሊት፣ ለውሃ ሊነሱ ሲሉ ወድቀዋል። ስትሮክ ነው።

ልጃቸው ነገረችኝ። ያቺ የአንድ ወር መድኃኒት እስክታልቅ ድረስ በሥርዓት ወስደዋል። ካለቀች በኋላ ልጅቷ ጤና ጣቢያ እንውሰድዎት ብትል “ሲስተር እንዳትመጪ ብላኛለች” ብለው እንቢ አሉ። ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት ገንዘብ አልተገኘም። የጤና መድን ደብተራቸውን ለማሳደስ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወረዳ ሄዳ ከዚያ ከተጋደመው ጠረጴዛ ተመልሳለች። የታክሲው ዋጋ እጥፍ ነው። ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ምንም።

እማማ ረጅም ጊዜ ወስደው፣ ቃሉ እየተሳሰረባቸው፣ “አንቺ አይደለሽ እንዴ ተቀመጪ ያልሽኝ? ተቀመጥኩ” አሉኝ።

ወቀሳ አልነበረበትም። እንዲያውም እንደ ታዛዥ ልጅ፣ የተባሉትን መፈጸማቸውን የሚነግሩኝ ይመስል ነበር። ከወቀሳው ይልቅ እሱ ከበደኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። በግራ እጃቸው ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ።

ቆየት ብለው በበሩ ወደሚገባው ጢስ እያዩ ስለ ህዳር በሽታ አጫወቱኝ። አያታቸው ይነግሯቸው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ቤት ሙሉ ሰው ሲጨርስ፣ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ከበሽታው የተረፈ ሕመምተኛ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተበት ጊዜ ነው ይላሉ። ያን ዘመን ለማሰብ ከመቶ ዓመት በኋላም በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው አሰብኩ፤ ጢሱን አቆየን፣ “ውሃ የሚያቀብለው ማን ነው?” የሚለውን ጥያቄ ግን ረሳን።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ምዕራብ አፍሪካን የመታው ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። በዚያው ጊዜ ሰው ከጤና ተቋማት በመሸሹ፣ የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕሙማን፣ የወላድ እናቶችና የሕፃናት ሞትም እንደጨመረ በጥናት ተጽፏል። በሴራሊዮን ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ሲከፈቱ በመሃሉ ያረገዙ ልጃገረዶች ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ክልከላው የተነሳው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ትምህርቱ ከኛ በፊት ተከፍሎበት ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል እዚሁ አገራችን፣ በዚያው አስፈሪ 2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከሚያዝያ የተላለፈው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ማስክና ርቀት ተጠብቆ ተካሂዶ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከትበዋል። ጥንቃቄውንና አገልግሎቱን ባንድ ላይ ማስኬድ ይቻል ነበር። እኔ ግን በሩን መዝጋት ብቻ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ከኮሮና መጠንቀቁ ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም። በሽታው እውነት ነበር። በአገራችን ብቻ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው፤ ከነዚያ መካከል አብረውኝ የሠሩ አሉ። በር መዝጋት ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ጥፋቴ በሩን ዘግቼ ደጅ የቀረውን ሰው ስም አለመያዜ ነው። “ቤት ይቀመጡ” የሚለው ቃል የሚሠራው መድኃኒቱ፣ ምግቡ፣ ደብተሩ ቤት ድረስ ሲሄድ ነው። ያ ካልሆነ ትእዛዝ እንጂ ጥበቃ አይደለም።

አንዱ አገልግሎት ከሌላው ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነም የገባኝ በእማማ ቤት ነው። ወረዳው በሩ ላይ ጠረጴዛ ሲያጋድም መድን ይቋረጣል፣ መድን ሲቋረጥ መድኃኒት ይቋረጣል። የእናት ገቢ ሲቆም ልጅ ሰው ቤት ትገባለች። እያንዳንዳችን ቢሮአችን ውስጥ ተቀምጠን “ለጊዜው ነው” አልን። የሁላችንም “ለጊዜው” እማማ ላይ ተደመረ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመውጣቴ በፊት መዝገቡን ገልጬ የዚያን ሳምንት ቀጠሮ የነበራቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ እንደ እህቴ። የቀሩትን ለብቻ እጽፋለሁ። ስልክ ያለው ይደወልለታል፤ የሌለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰኞ ጠዋት ትፈልገዋለች። ግፊታቸው ለተረጋጋ ሰዎች የሦስት ወር መድኃኒት እንዲሰጥ ለኃላፊዎቼ ጽፌ፣ ተከራክሬ፣ ተፈቀደልኝ። የስም ጥሪው ወጪ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ይህን ባደርግ ኖሮ እማማ ምናልባት ዛሬ በሁለት እግራቸው ሚካኤል ይሳለሙ ነበር።

የእህቴ የ13 ዓመት ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ክፍል ገባች፤ አሠሪዋ ከትምህርት በኋላ ብቻ እንድትሠራ ተስማማች። ገጠር የሄደው ልጅ ግን አልተገኘም። እህቴ ስሙን ከደብተሯ አልሰረዘችውም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነት ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሌላ ወረርሽኝ እንደሚመጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ በወረዳ መስኮት ጀርባ የምትቀመጡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደጅ የሚቀሩትን ሰዎች ስም ጻፉ። በየሳምንቱ ጥሯቸው። “አቤት” ያላለ ካለ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ተነሥታችሁ ሂዱ።